ውሃው ሰዓቱን ሳይመርጥ

ልጄ፣ ስለገባሽበት ቤት ቀለም፣ ስለ መጋረጃውና ስለ ምንጣፉ የሚመክርሽ ሰው አይጠፋም። እኔ የምመክርሽ ማንም ስለማያየው ዕቃ ነው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብትዪ፣ ከግድግዳው ውሃ ተቀብሎ ወደ ቧንቧው የሚያሻግር፣ በቀጭን ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ታገኛለሽ። ርዝመቱ ከክንድ አይበልጥም። የሳኒተሪ ዕቃ የሚሸጡት «ፍሌክሲብል» ይሉታል። ቤትሽ ውስጥ ያለው ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም፤ ለመታጠቢያው ሁለት፣ ለሽንት ቤቱ ታንከር አንድ፣ ለውሃ ማሞቂያው ሁለት፣ ለኩሽናው ሁለት ብለሽ ብትቆጥሪ ሰባት ይሆናል።

ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ብዙ ዘመን እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ነው። እነዚህ ቱቦዎች ግን ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ብዙዎቹ አምራቾች ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለወጡ ይላሉ። ቤቱን ካንቺ በፊት የኖረበት ሰው መቼ እንዳስገባቸው አታውቂም፤ ምናልባት እሱም አያውቅም። ስለዚህ ምክሬ በአጭሩ ይህ ነው፦ ቱቦው የሚፈነዳበትን ሰዓት ውሃው ሳይመርጥ፣ የሚለወጥበትን ሰዓት አንቺ ምረጪ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። አንድ የላላ ዳዶ በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ ብታንጠባጥብ ማን ልብ ይላል? ግን እናስላው። ሀያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል ብንል፣ በቀን 86,400 ጠብታ ማለት ከ4 ሊትር በላይ ነው። በወር ሲደመር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከስድስት ጊዜ በላይ ይሞላል። ይህ ገና ማንጠባጠቡ ነው። ቱቦው ተቀዶ በደቂቃ 15 ሊትር ቢለቅ፣ ጣሪያ ላይ ያስቀመጥሽው የ1,000 ሊትር ሮቶ በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ባዶውን ይቀራል። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፣ በሩ ተቆልፏል፣ ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ የለም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

በጎንደር ይህ ጉዳት ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ከተማችን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ተቀምጣለች። ሁለቱም ወደ መገጭ ይወርዳሉ፣ መገጭም ጣና ይገባል፣ ከጣና ደግሞ ዓባይ ይወጣል። እንዲህም ሆኖ በየሰፈሩ ጀሪካን ተሰልፎ እናያለን፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። የአንገረብ ግድብ ከላይ ከተራቆተው ተራራ እየታጠበ የሚመጣው አፈር ሞልቶበት የሚይዘው ውሃ እየቀነሰ ሄደ። ይተካዋል የተባለው የመገጭ ግድብ ሥራም ዓመታትን ፈጀ። ከተማዋ ግን ከአዘዞ እስከ ወለቃ እየሰፋች ነው። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚመጣው ሰው በተኛበት ሌሊት ነው።

ይህ ፈረቃ ራሱ የቱቦ ጠላት ነው። ውሃ ሲጠፋ መስመሩ ባዶ ይሆናል፣ አየርም ይሞላዋል። ውሃው ሲመለስ ያንን አየር እየገፋ፣ እያንኳኳ፣ እያስነጠሰ ይመጣል። ሌሊት ግድግዳው ውስጥ የምትሰሚው ጉርምርምታ እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ምንም ግፊት ያልነበረበት ቱቦ በአንድ አፍታ ሙሉ ግፊት ይወርድበታል። ያረጀው የሚፈነዳው ያኔ ነው፤ እንግዲህ እኩለ ሌሊት ላይ ማንን ትጠሪያለሽ? ቱቦው ፈንድቶ ቤቱ ከራሰ በኋላ ባለሙያ ፍለጋ መሮጥ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እንግዲህ ፍተሻው ላይ እንምጣ። ፍሌክሲብል ከውስጥ ጎማ ወይም ፕላስቲክ ነው፤ ውሃውን የሚይዘው እሱ ነው። ከውጭ ያለው የሽቦ ጥልፍ ጎማው እንዳይነፋ ያቅፈዋል። አንዷ ሽቦ ብቻዋን ምንም አትችልም፤ ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ሁሉም ተጠላልፈው ግፊቱን ይመክታሉ። ጥልፉ አንድ ቦታ ሲበጠስ ጎማው በዚያች ቀዳዳ አብጦ ይወጣል፣ ቀጥሎ ይፈነዳል። ስለዚህ የስልክሽን መብራት አብርተሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዪው። ቡናማ የዝገት ነጥብ፣ የተበጠሰና እጅ የሚወጋ ሽቦ፣ ያበጠ ቦታ፣ ታጥፎ የቀረ ሰበራ፣ ዳዶው ሥር የተጋገረ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካየሽ፣ ያ ቱቦ ቀኑ ደርሷል። ሁሉም ደህና መስሎ ከታየሽም በደረቅ ሶፍት ዳብሺው፤ ዓይን ያላየውን እርጥበት ሶፍት ይናገራል። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።

በዚህ ላይ አንድ የምናዘወትረውን ነገር ልንገርሽ። በረኪናውን ከመታጠቢያው ሥር፣ ከቱቦዎቹ ጎን እናስቀምጣለን። ክዳኑ ላልቶ የሚወጣው ትነት ሽቦውን ይበላዋል፤ አይዝጌ ብረት የተባለውን እንኳ ቀስ በቀስ ያሰነጥቀዋል። በረኪናውን ወደ ሌላ ጥግ አዛውሪው። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ባለሙያም አያስፈልግሽም።

ሰዓት ምረጪ ያልኩሽን አሁን ላብራራው። የፋሲል መዋኛን አስቢ። ከቀሃ ወንዝ የሚመጣው ውሃ ገንዳውን የሚሞላው ከጥምቀት በዓል ቀደም ብሎ ነው፤ ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ሲወርዱ ተሞልቶ ይጠብቃቸዋል። ሰው ከደረሰ በኋላ ውሃ ፍለጋ የለም። አንቺም የቤትሽን ቱቦዎች የምታዪበትን ወቅት እንዲሁ አስቀድሚው። ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ብታደርጊው ይሻላል። በክረምት ድፍርስ ውሃ ሲመጣ ደለሉ በየቧንቧው አፍ ባለው ማጣሪያ ተቀምጧልና አብረሽ ታጥቢዋለሽ። ከጥምቀት በፊት ደግሞ ጊዜ ይተርፍሻል፤ ጥምቀት ሲደርስ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ዘመድ ይመጣል፣ ቤቱ ይሞላል፣ መታጠቢያው ዕረፍት ያጣል፣ ባለሙያውም በየቤቱ ይጠራል።

ወቅቱን ከመረጥሽ ቀኑንም ምረጪ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አትጀምሪው፤ አንዲት የጎማ ቀለበት ብትጎድልሽ ሱቁ ዝግ ይሆንብሻል። ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ ሁሉ ክፍት ነው፣ ብርሃንም አለ። ከመጀመርሽ በፊት ሁለት ጀሪካን ውሃ ቀድተሽ አስቀምጪ። ሥራው ቢጓተትም ቤተሰቡ የሚጠጣውና የሚታጠበው አያጣም፣ አንቺም አትጣደፊም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ውሃ ከሆነ ግን የፈሰሰውን መልቀም እንኳ የለም።

ወደ ግዢ ስትሄጂ በቃልሽ አትመኚ። አሮጌውን ቱቦ ፈትተሽ ከሆነ ይዘሽው ሂጂ፤ ካልፈታሽው ርዝመቱን ለክተሽ፣ ሁለቱንም ጫፎች በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ሂጂ። በግድግዳው በኩል ያለው ጫፍ ብዙ ጊዜ ባለ ግማሽ ኢንች ዳዶ ነው። በቧንቧው በኩል ያለው ግን ይለያያል፤ ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀላቅለው ሚክሰር ከሆነ ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ የጎማ ቀለበት ያለበት ብሎን ነው። ርዝመቱ በጣም ካጠረ ይወጠራል፣ በጣም ከረዘመ ይታጠፋል። ዘና ብሎ አንድ ለስላሳ ቅስት የሚሠራ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ ሳለሽ ዳዶውን በእጅሽ መዝኚው። ናስ ከበድ ይላል፤ ቀለል ያለውና በላዩ ብቻ የሚያብረቀርቀው ቶሎ ይሰነጠቃል። በዳዶው ውስጥ የጎማው ማሸጊያ መኖሩንም በጣትሽ ፈትሺ። በዋጋ የሚለያዩት በጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ብር ግን ወለልሽን፣ ምንጣፍሽንና የታችኛውን ጎረቤትሽን ኮርኒስ ይጠብቃል። የመታጠቢያውን ሁለት ቱቦ በአንድ ቀን ለውጪ፤ አብረው የገቡ አብረው ያረጃሉና። የሙቅ ውሃው ደግሞ ይቀድማል፤ ሙቀት ጎማን ያደርቀዋል።

አሁን ሥራው። መጀመሪያ መዝጋት ነው። ከመታጠቢያው ሥር፣ ከግድግዳው በሚወጣው ላይ ትንሽ መዝጊያ ካለ፣ አንግል ቫልቭ የሚባለው እሱ ነው፤ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ አዙረሽ ዝጊው። ከሌለ ወይም ካረጀና አልዘጋ ካለ ወደ ቆጣሪው ሂጂ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ ቤታችን የውሃ ምንጩ ሁለት ነው። አንደኛው የመንገዱ መስመር ነው፣ ሁለተኛው ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። ቆጣሪውን ብቻ ዘግተሽ ዳዶ ብትፈቺ የሮቶው ውሃ ከላይ ይወርድብሻል። ሮቶውን ብቻ ዘግተሽ ብትፈቺ ደግሞ መስመሩ ድንገት ሊመጣ ይችላል። ዛሬ ውሃ የለም ብለሽ ሳትዘጊ አትፍቺ፤ በእኛ ከተማ «የለም» ያልሽው ውሃ መቼ እንደሚመጣ አይነግርሽም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከምንጩ ጀምረሽ ሁለቱንም ዝጊ።

ከዘጋሽ በኋላ ቧንቧውን ክፈቺው። የተረፈው ውሃ ይፍሰስ፣ ግፊቱም ይውጣ። ካቆመ በኋላ ትንሽ ጠብቂ፤ እንደገና መውረድ ከጀመረ የሆነ ቦታ አልተዘጋም ማለት ነው። የምትነኪው የውሃ ማሞቂያ ቱቦ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት የመብራቱን ብሬከር አውርጂ፣ ውሃውም እስኪቀዘቅዝ ቆዪ። እርጥብ እጅና ኤሌክትሪክ አይተዋወቁ። ሥራው አልቆ ማሞቂያው ሙሉ በሙሉ ውሃ እስኪሞላና በሙቁ ቧንቧ አየር አልባ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ መብራቱን አትመልሺው፤ ባዶ ማሞቂያ ከበራ ይቃጠላል።

ከቱቦው ሥር ባልዲ፣ ከባልዲው ሥር ጨርቅ አድርጊ። ባዶ የመሰለ ቱቦ እንኳ ሲፈታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያፈሳል። የትኛው ቱቦ ከየት እንደተነሳ ፎቶ አንሺ፤ በልማድ ሙቁ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ ነው፣ ግን ቤቱን የሠራው ሰው ልማዱን ጠብቆ ይሆን አይሆን የሚነግርሽ ፎቶው ነው። ከዚያ ሁለት ቁልፍ ያዢ። በአንደኛው አንግል ቫልቩን አጥብቀሽ ያዢ፣ በሁለተኛው የቱቦውን ዳዶ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ አዙሪ። ቫልቩን ሳትይዢ ዳዶውን ብቻ ብትጎትቺ፣ የሚዞረው ቫልቩ ወይም ግድግዳው ውስጥ ያለው መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የቱቦ ሥራ የነበረው ግድግዳ ማፍረስ ይሆናል። ከታች ወደ ላይ ስታዪ ግራና ቀኝ ይምታታብሻል፤ ቱቦው ወደሚገባበት ዕቃ ፊትሽን አዙረሽ አስቢው። አልላቀቅ ካለሽ በመዶሻ አትምቺው። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ካለ አስነኪውና ቡናሽን ጠጪ፤ ተመልሰሽ ስትሞክሪው ይለሰልሳል።

አሮጌውን ካወጣሽ በኋላ አዲሱን ወዲያው አታስገቢ። ባልዲ ደቅነሽ አንግል ቫልቩን ለአፍታ ክፈቺው። ከመስመሩ አሸዋ፣ የዝገት ፍርፋሪ፣ ድፍርስ ውሃ ይወጣል። ይህን ሳታስወጪ ብትገጥሚ ቆሻሻው ሁሉ በአዲሱ ቱቦ አልፎ ቧንቧው ውስጥ ይቀረቀራል። የቧንቧውን አፍ ማጣሪያም ፈትተሽ እጠቢው። ውሃ ቀነሰብኝ ብለው ቧንቧ የሚለውጡ ሰዎች አሉ፤ ችግሩ ግን ማጣሪያው ላይ የተቀመጠ አሸዋ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው።

ቀጥሎ መግጠም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። የአርባ አራቱ ታቦት አገር ልጅ ስለሆንሽ ይህን ተረት ስለ ካህን ጥምጣም ስትሰሚው አድገሻል፤ እኔ ግን ስለ ቴፍሎንም እለዋለሁ። አንዳንዱ ሰው ጠመዝማዛ ጥርስ ያለበት ቦታ ሁሉ ላይ ቴፍሎን የሚባለውን ቴፕ ይጠመጥማል። የፍሌክሲብል ዳዶ ግን ውሃ የሚይዘው በውስጡ ባለው የጎማ ማሸጊያ ነው፤ ጥርሱ የሚሠራው ጎማውን መጫን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቴፍሎን ብትጠመጥሚ ዳዶው ጠበቀ ብለሽ ታስቢያለሽ፣ ጎማው ግን ገና አልተጫነም፤ ያንጠባጥባል። ቴፍሎን የሚያስፈልገው ጎማ በሌለበት፣ ብረት ከብረት በሚገጥምበት ቦታ ነው። ለምሳሌ አንግል ቫልቩ ራሱ ወደ ግድግዳው የሚገባበት። እዚያ ጥርሱን ወደ ፊትሽ አዙረሽ፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ወጠር እያደረግሽ፣ እንደ ቴፑ ውፍረት ከ5 እስከ 10 ዙር ጠምጥሚ። አቅጣጫውን ከገለበጥሽው ስታጠብቂው ቴፑ ይተረተራል።

በቧንቧው በኩል ያለውን ቀጭን ብሎን በጣትሽ አስገቢው። ቀጥ ብሎ ከገባ ያለ ትግል ይዞራል፤ ገና በመጀመሪያው ዙር ከታገለሽ ጥርሱ ተጣሟልና መልሰሽ አውጪው። ከዚያ የታችኛውን ዳዶ እንዲሁ በእጅሽ እስኪቆም አዙሪ። በእጅ ካቆመ በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ያህል ብትጨምሪ ይበቃል። ብዙ ቱቦ የሚበላሸው ከመላላት ይልቅ ከመጠን በላይ ከመጥበቅ ነው። ጉልበት ያለው ሰው እስኪያቅተው ይጠመዝዛል፤ ጎማው ይጨፈለቃል፣ ዳዶው የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል፣ ከወራት በኋላ አንድ ሌሊት ይከፈላል። እጅግ ስለት ይቀዳል አፎት። ዳዶውን ስታጠብቂም ቱቦውን በሌላው እጅሽ ያዢው፤ አብሮ ከተጠመዘዘ ሽቦው ተወጥሮ ይኖራል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ስትጨርሺ ውሃውን በአንድ ጊዜ አትልቀቂው። ቧንቧውን ክፍት እንዳደረግሽ አንግል ቫልቩን በዝግታ ክፈቺ። አየሩ ተንፍሶ ይውጣ፣ ውሃው ይጥራ፣ ከዚያ ቧንቧውን ዝጊው። አሁን ሁለቱንም ጫፍ በደረቅ ሶፍት ጠቅልለሽ ተመልከቺ። ደረቅ ከሆነ መልካም፤ ግን ፈተናው ገና አላለቀም። ሮቶ የሚሰጠው ግፊት ትንሽ ነው። በየ10 ሜትር ከፍታው 1 ባር ስለሆነ፣ ከቧንቧው 5 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጥሽ ግማሽ ባር ገደማ ነው። የመስመሩ ውሃ ሲመጣ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በሮቶ ውሃ ደረቅ የነበረ ዳዶ በመስመሩ ውሃ ሊያለቅስ ይችላል። መስመሩ በቀጥታ ቤትሽ የሚገባ ከሆነ፣ የፈረቃው ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ተነሺና አንዴ አዲስ ሶፍት አስነኪው። ያን ሌሊት ካለፈ ከዚያ በኋላ እንቅልፍሽን ተኚ።

የቀሩት ቱቦዎችም ደንባቸው ይኸው ነው፣ ግን የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የሽንት ቤቱ ታንከር የሚገጠምበት ጥርስ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ እዚያ ቁልፍ አታስነኪ፣ የእጅሽ ኃይል ይበቃዋል። ከሰባቱ ውጭ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው የእጅ ሻወር ደግሞ ጫፉ ላይ በሚጫን መዝጊያ ብቻ ከተያዘ ቱቦው ቀን ከሌት ግፊት ይሸከማል። ተጠቅመሽ ስታበቂ ከግድግዳው ዝጊው። የሻወሩን አፍ ባልዲ ወይም ሳፋ ውስጥ ነክረሽ አትተዪ፤ መስመሩ ውሃ ሲያጣ ወደ ኋላ ይስባልና የቆሸሸውን ውሃ ወደ ንጹሑ ቧንቧ ሊወስደው ይችላል። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ከፍተሽ «መጣ አልመጣ» ብለሽ ሞክረሽ እንደሆነ መልሰሽ ዝጊ። ቤት የሚያርሰው የፈነዳ ቱቦ ብቻ ሳይሆን ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧም ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። አንግል ቫልቮቹንም በየጥቂት ወሩ አንዴ ዘግተሽ ክፈቺ፤ ሳይነካ የኖረ መዝጊያ በክፉ ቀን አይዞርም።

ወንድምሽ ደባርቅ ነው የሚሠራው አይደል? ይህን ለእሱም ንገሪው፣ ግን አንድ ነገር ጨምሪለት። ደባርቅ ከእኛ ብዙ ከፍ ይላል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከዳባትና ከወገራ ጀምሮ ወደ ሰሜን ተራሮች በወጣሽ ቁጥር ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ውርጭ አለው። ውሃ ሲረጋ ከአንድ አሥረኛ ትንሽ ባነሰ ያህል ይሰፋል፤ ከተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ ቱቦውን ይቀደዋል። ቅዳዱ ግን የሚታየው ጠዋት ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ነው። ስለዚህ በዚያ ከፍታ ከቤት ውጭ ያለ ፍሌክሲብል አይመከርም። ግድ ከሆነ በጨርቅና በላስቲክ ይጠቅለል፣ በብርቱ ውርጭ ሌሊትም መስመሩ ተዘግቶ ውሃው ይውጣለት።

አሁን ደግሞ ስለ ሰው ልንገርሽ። ይህን ሁሉ የነገርኩሽ ሁልጊዜ ብቻሽን ሥሪው ለማለት አይደለም። ቁልፍ መያዝ የወንድ ብቻ ሥራ ነው የሚልሽን አትስሚው፤ ሙያ በልብ ነው። ዳዶ ፈትቶ ቱቦ መለወጥ ከእንጀራ መጋገር አይከብድም። ግን ቫልቩ ከግድግዳው ጋር አብሮ ከዞረ፣ ቧንቧው የቆየ የብረት ቧንቧ ሆኖ ዝገቱ ከተፈረፈረ፣ ወይም ከግድግዳው ውስጥ እርጥበት ከወጣ፣ ቁልፉን አስቀምጪና ባለሙያ ጥሪ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብሽ።

ባለሙያውን ስትጠሪ በክብር ጥሪው። ጎንደር በዚህ ነገር የቆየ ዕዳ አለባት። ይህችን ከተማ በ17ኛው መቶ ዘመን አፄ ፋሲል መናገሻ ካደረጓት ወዲህ ግንቡን ያቆሙት፣ ብረቱን የቀጠቀጡት፣ እንጨቱን የጠረቡት እጀ ጥበበኞች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል የቤተ እስራኤል ሰዎች ነበሩ። እኛ ግን በማረሻቸው አርሰን፣ በሸክላቸው አብስለን፣ እነሱን «ቡዳ» እያልን ሸሸን። የእነሱ መንደር የነበረችው ወለቃ ዛሬም የሸክላ ስሟ ሲነሳ ይህ ታሪክ አብሮ ይነሳል። ግንቡን ለእንግዳ እያሳየን የምንኮራ ሰዎች፣ እጁ ጭቃ የነካውን ልጅ ከበር አናቁመው። ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የወጣው ልጅ ቤትሽ ሲመጣ ቡና አፍዪለት፣ ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሪ፣ ሲጨርስም ሳታንጠለጥዪ ክፈዪው። ሥራውን ስለምታውቂው አያታልልሽም፤ ስለምታከብሪውም ሌሊት ስትደውዪለት ይመጣል። ሲሠራ ቆመሽ ተመልከቺ፣ ያልገባሽን ጠይቂ። ሞኝ በራሱ፣ ብልህ በሰው ይማራል።

ቤትሽን እግዚአብሔር ይባርክልሽ። ጓዳሽ ይሙላ፣ እንግዳሽ አይጉደል፣ ሌሊትሽ የሰላም ይሁን። ከሰባቱ ቱቦዎች መጀመሪያ የውሃ ማሞቂያውን ሁለቱን እዪ፤ ቀድመው የሚያረጁት እነሱ ናቸውና። የለወጥሽበትን ወርና ዓመተ ምሕረት በማይለቅ ቀለም አንግል ቫልቩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ጻፊው፤ ከአንቺ በኋላ ቤቱ ለሚገባ ሰውም ይጠቅማል።